እሳት አዳፍኖ መተኛት፦ ስለ እንጨት ምድጃችሁና ስለማታዩት ጭስ ማውጫ

የዛሬው ጽሑፋችን ፖለቲካ የለበትም። መነሻችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር የላከችልን መልእክት ነው። ስሜን ተዉት ብላናለች፤ ታሪኩን ግን "ሌላ ሰው ቤት እንዳይደገም ጻፉት" ስላለችን ይኸው።

እሷና ባለቤቷ ባለፈው ዓመት ቤት ገዙ። በ1970ዎቹ የተሠራ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የጡብ ፋየርፕሌስ አለው። በፋየርፕሌሱ አፍ ላይ ደግሞ ባለ መስታወት በር የብረት ምድጃ ተሰክቷል። "ኢንሰርት" የሚሉት እንዲህ ዓይነቱን ምድጃ ነው። ክፍት ፋየርፕሌስ አብዛኛውን ሙቀት በጭስ ማውጫው በኩል ይዞት ይወጣል፤ ኢንሰርት ግን በሩ ተዘግቶ ስለሚነድ ሙቀቱን ቤት ውስጥ ያስቀራል። ጥሩ ነገር ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ።

ብርዱ ሲገባ እናቷ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቋቸው መጡ። ለደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ አይነገረውም። የጋዝ ሂሳቡን ሲሰሙ "ማገዶ ደጅ ተከምሮ?" አሉና ምድጃውን ተረከቡ። እሳት ያውቃሉ። ማታ ማታ ፍሙ ላይ አንድ ሁለት ወፍራም ፍልጥ ጣል ያደርጋሉ፣ የአየር ማስገቢያዋን ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ፣ ይተኛሉ። ጠዋት ሲነሱ ፍሙ አለ። ጭራሮ ጣል፣ እፍ፣ በቃ ነደደ። አገር ቤት ባለሙያ የምትባለው ሴት እሳት አዳፍና የምታሳድረው አይደለች? ጎረቤት እሳት ልትጭር የምትመጣው እሷ ቤት ነው።

እንዲህ እየተደረገ አምስት ሳምንት ያህል ሄደ። አንድ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ማንቂያ መጮህ ጀመረ። እህታችን እንዲህ ነው ያለችን፦ "ባትሪው አልቆ ነው ብዬ ላወርደው ተነሳሁ። ስነሳ ግን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ትንሹ ልጄ አልጋው ላይ አስመልሷል። እማዬን ስቀሰቅሳት ቶሎ አልነቃ አለችኝ።" ባለቤቷ ልጆቹን ተሸክሞ፣ እሷ እናቷን ደግፋ በሌሊት ልብስ በረዶ ላይ ወጡ፣ 911 ደወሉ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በመሣሪያ ለክተው ቤቱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለ ነገሯቸው። ሁሉም ሆስፒታል ሄደው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ተመለሱ።

ከቀናት በኋላ የጭስ ማውጫ ባለሙያ ጠሩ። ሰውዬው ካሜራ በረጅም ዘንግ አስገብቶ የጭስ ማውጫውን ውስጥ በስክሪን አሳያቸው። ግድግዳው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሬንጅ የተቀባ ይመስላል። እናቷ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ይሄማ የእናቴ ማድ ቤት ጣሪያ ነው!"

ትክክል ብለዋል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነውና።

ጥቀርሻ ምንድን ነው?

አብዛኞቻችን ጭስ ማለት እሳት የሚተፋው ቆሻሻ ይመስለናል። ጭስ ያልነደደ ማገዶ ነው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ጋዝና እንፋሎት ያወጣል፤ በቂ አየርና በቂ ሙቀት ካገኘ ያ ጋዝ ራሱ ነበልባል ሆኖ ይነዳል። አየሩን ስትዘጉበት ግን ሳይነድ ወደ ላይ ይሄዳል። ጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ ከሆነ ድስት ክዳን ላይ እንፋሎት ውኃ እንደሚሆነው ሁሉ ግድግዳው ላይ ይጠላል፣ ይጣበቃል፣ ይደርቃል። ፈረንጆቹ ክሪዮሶት ይሉታል። እኛ ከነስሙ እናውቀዋለን፦ ጥቀርሻ።

የገጠር ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ጥቀርሻ ለሳንባና ለዓይን ጉዳቱ ብዙ ቢሆንም እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ያ ቤት በሣሩም በግድግዳውም ስለሚተነፍስ ጭሱ በየአቅጣጫው ይወጣል። የተዳፈነው እሳትም ላዩ ላይ አመድ ለብሶ በራሱ የሚያድር ትንሽ ፍም ነው። እናታችን አሜሪካ ላይ ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ትኩስ ፍም ላይ ወፍራም እርጥብ ፍልጥ አድርገው፣ አየር ከልክለው፣ በአንድ ጠባብ መውጫ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጨስ ነው ያደረጉት። ጥቀርሻ ለማምረት ታስቦ ቢሠራ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም። በዚያ ላይ ማገዶ ቆጠብን ስንል የማገዶውን ጉልበት በጭስ መልክ ወደ ሰማይ እየላክነው ነው።

ክሪዮሶት ሦስት ዓይነት መልክ አለው። መጀመሪያ ላይ እንደ ዱቄት የሚራገፍ ጥላሸት ነው፤ ብሩሽ ያስለቅቀዋል። ሁለተኛው እየጠጠረ ቅርፊት ይሆናል፤ ለሱ የጠነከረ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሦስተኛው እነ እናታችን ስክሪን ላይ ያዩት ነው፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ብሩሽ አንሸራቶ የሚያልፈው። ለዚህኛው ባለሙያው ኬሚካል ወይም የሚሽከረከር ሰንሰለት ይጠቀማል፤ አንዳንዴ የውስጥ ቱቦውን አውጥቶ ከመቀየር በቀር መፍትሔ የለውም። ባለሙያዎቹ የሚሉት ጥላሸቱ ውፍረቱ 1/8 ኢንች፣ ማለትም 3 ሚሊሜትር ያህል ከደረሰ ይጠረግ ነው። የሚያብረቀርቀው ዓይነት ከሆነ ግን ውፍረት አይጠበቅም፤ ምድጃው ሳይጸዳ አይለኮስም።

ምክንያቱም ክሪዮሶት ማገዶ ነው ብለናል። አንድ ቀን ትልቅ እሳት ስታነዱ ነበልባሉ ወደ ላይ ይደርስና ይለኩሰዋል። የጭስ ማውጫ እሳት ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የሸክላ ቱቦ ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁ በኩል የቤቱን እንጨት ያገኛል። ድምፁን የሰሙ ሰዎች ባቡር ወይም አውሮፕላን ጣሪያ ላይ ያለፈ ይመስላል ይላሉ። የሚያስፈራው ግን ብዙዎቹ እንዲህ አይጮሁም፤ ቀስ ብለው ነደው፣ ቱቦውን ሰንጥቀው፣ ማንም ሳያውቅ ይጠፋሉ። የሚቀጥለው እሳት ነው ቤቱን የሚወስደው።

ድምፁን ከሰማችሁ የምታደርጉት አጭር ነው። በመንገዳችሁ ላይ ከሆነና ከቻላችሁ የምድጃውን በርና አየር ዝጉ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ውኃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረትና ሸክላ ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍ ይፈነዳል፣ እንፋሎቱም ሰው ያቃጥላል።

ኢንሰርቱ በእርግጥ ተገጥሟል?

የእህታችን ቤት ጣጣ የእናቷ ማዳፈን ብቻ አልነበረም። ባለሙያው ካሜራውን ሲያስገባ ኢንሰርቱ ላይ የተያያዘ ቱቦ የለም። ከዓመታት በፊት የቤቱ ባለቤት የነበረ ሰው ምድጃውን ፋየርፕሌሱ ውስጥ ገፍቶ አስገብቶ ብቻ ነው የተወው። ጭሱ ሰፊው የጡብ ጉድጓድ ውስጥ ይለቀቃል፣ እንደፈለገ ይሁን።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንዲህ አድርጎ መግጠም የተለመደ ነበር። ችግሩ ምንድን ነው? ጭስ ማውጫ ዝም ብሎ ቀዳዳ አይደለም። ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ከታች አየር ይስባል፣ የሳበው አየር እሳቱን ያነዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጭሱ ትኩስ እንደሆነ ጫፍ ከደረሰ ነው። የጡቡ ጉድጓድ የተሠራው ለክፍት ፋየርፕሌስ ትልቅ ጭስ ነው፤ ከኢንሰርት የምትወጣው ቀጭን ጭስ እዚያ ውስጥ ስትገባ ትሰፋለች፣ ትዘገያለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ትጣበቃለች። ስለዚህ ዛሬ ኢንሰርት የሚገጠመው ከምድጃው አናት ተነስቶ እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ በሚደርስ፣ ለምድጃው በተለካ የማይዝግ ብረት ቱቦ ነው። ላይነር ይሉታል። የእናንተ ቤት ላይነር እንዳለው በዓይናችሁ ያየ ሰው አለ? ከሌለ ዘንድሮ አንድ ሰው ይይላችሁ።

ቤት ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ደግሞ ይህችን ያዙ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከል ማኅበር 211 የተባለው ደረጃው ጭስ ማውጫ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲመረመር ይላል። ምርመራውን በሦስት እርከን ይከፍለዋል። አንደኛው በየዓመቱ የሚደረገው፣ በሚታየው ክፍል ላይ ነው። ሁለተኛው በካሜራ ውስጡን ማየትን ይጨምራል፤ ቤት ሲሸጥ፣ ምድጃ ሲቀየር ወይም የእሳት አደጋ ከደረሰ በኋላ መደረግ ያለበት ይሄኛው ነው። ሦስተኛው ግድግዳ እስከማፍረስ የሚሄድ ስለሆነ ከባድ ጥርጣሬ ከሌለ አይደረግም። ቤት ስትገዙ የምትቀጥሩት የቤት ኢንስፔክተር አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው የሚያየው። እህታችን በኋላ ፈልጋ ስታነበው ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ነበር፦ "ጭስ ማውጫው በባለሙያ ይታይ።" ከአርባ ምናምን ገጽ ውስጥ አንድ መስመር። ማን ያነበዋል? ሻጩን ማስጠገን የሚቻለው ግን ፊርማው ከመፈረሙ በፊት ነበር። አሁን ላይነሩን በራሳቸው ኪስ ነው ያስገቡት፤ ዋጋው ደግሞ በሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው።

ጀርመን ወይም ስዊድን ያላችሁ ተከታታዮቻችን ይሄ ሊገርማችሁ ይችላል። እናንተ ጋ ጭስ ማውጫ ጠራጊው በሕግ ነው የሚመጣው፤ ቀጠሮ ይልካል፣ በር ያንኳኳል፣ አልከፍትም ማለት አይቻልም። አሜሪካ ግን ማንም አያንኳኳም። ካልጠራችሁ አይመጣም።

ስትጠሩም በጥንቃቄ ነው። በፌስቡክና በፖስታ የሚመጣ "በ99 ዶላር ጭስ ማውጫ እናጸዳለን" የሚል ማስታወቂያ አለ። አንዳንዱ እውነተኛ ነው፤ አንዳንዱ ግን አሥር ደቂቃ ጣሪያ ላይ ቆይቶ ወርዶ "ዛሬውኑ ካልተሠራ ቤታችሁ ይቃጠላል" ብሎ ሺዎችን የሚጠይቅ ነው። ቺምኒ ሴፍቲ ኢንስቲትዩት ኦፍ አሜሪካ የሚባለው ተቋም ፈተና ያለፉ ጠራጊዎችን ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ በየአካባቢው ያወጣል፤ ከዚያ ፈልጉ። ችግር አለ ካላችሁ ፎቶውን ወይም ቪዲዮውን ጠይቁ፤ ፎቶው የእናንተ ቤት መሆኑንም እዩ። ትልቅ ጥገና ከሆነ ሁለተኛ ሰው ይይላችሁ። ምድጃውን ሳታነዱ ጥቂት ቀን መቆየት አይገድልም።

ቀጠሮ ለመያዝ ጥሩው ጊዜ ፀደይ ወይም የበጋው መጀመሪያ ነው። ጥቅምት ሲገባ ሁሉም ሰው ትዝ ስለሚለው ወረፋው ሳምንታት ይሆናል። በነገራችን ላይ ሜሪላንድን በመሳሰሉ ምሥራቃዊ ግዛቶች በበጋ ጭስ ማውጫ ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራ ቺምኒ ስዊፍት የምትባል ወፍ አለች። ከ1918 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የስደተኛ ወፎች ሕግ የተጠበቀች ናት። እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ ጎጆው አይነካም፤ ወፏ እስክትሄድ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ወፏ ከመምጣቷ በፊት ማስጠረግና ጫፉ ላይ ባለ ወንፊት ክዳን ማስገጠም ይሻላል። ክዳኑ ዝናብም ሽኮኮም ይከለክላል።

ማገዶው

እርጥብ እንጨት የጥቀርሻ እናት ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ውኃ ማፍላት ያለበት እሳታችሁ ነው፤ ሲያፈላ ደግሞ ራሱ ይቀዘቅዛል። ለምድጃ የሚሆን ማገዶ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ነው። ይህን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ከ30 ዶላር በታች ይገኛል። ፍልጡን እንደገና ሰንጥቃችሁ አዲሱን ፊት ለኩ፤ ላዩማ ሁሌም ደረቅ ነው።

የእህታችን ቤት ማገዶ ከመንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው የተገዛ ኦክ ነበር። "ደረቅ ነው" ብሏቸዋል፤ ሻጭ እርጥብ ነው አይልም። ኦክ ተፈልጦ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ቀለል ያለው እንጨት ስድስት ወር ሊበቃው ይችላል። መጠኑም ላይ ተጠንቀቁ፦ አንድ ኮርድ ማለት 4 ጫማ በ4 ጫማ በ8 ጫማ፣ ማለትም 128 ኪዩቢክ ጫማ ተደርድሮ ነው። አንድ ተራ ፒክአፕ ሙሉ እንጨት ኮርድ አይሞላም።

ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ መድኃኒት የተነከረ እንጨት፣ ኮምፔንሳቶ፣ ፕላስቲክ፣ የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት፣ የገና ስጦታ መጠቅለያ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ምድጃ የቆሻሻ ማቃጠያ አይደለም።

እንግዲህ አነዳዱ

ስትለኩሱ አየሩን ሙሉ ለሙሉ ክፈቱ። ብርዱ ከባድ ከሆነና ጭሱ ወደ ቤት ከተመለሰባችሁ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ አየር እንደ ክዳን ተጭኖ ነው፤ አንድ ሁለት ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ምድጃው ጣሪያ አካባቢ አቃጥሉበት፣ ሲሞቅ መሳብ ይጀምራል። ወፍራሙን ከታች፣ ቀጭኑን ከላይ፣ ጭራሮውን ከሁሉም በላይ አድርጋችሁ ከላይ መለኮስም ይቻላል። ለእኛ ሰው ግልብጥ ይመስላል፤ ግን ጭሱ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ይቃጠላል።

ፍልጥ በጨመራችሁ ቁጥር ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አየሩን ክፈቱለት፣ ደህና አድርጎ ሲነድ ቀንሱለት። መቀነስ ማለት መዝጋት አይደለም። ነበልባል መታየት አለበት። መስታወቱ እየጠቆረ ከሆነ ወይም ውጭ ወጥታችሁ ስታዩ ከጭስ ማውጫው ወፍራም ጭስ እየወጣ ከሆነ አየር አንሶታል ወይ ማገዶው እርጥብ ነው። ደህና የሚነድ ምድጃ ጭሱ እምብዛም አይታይም። አንዳንድ ምድጃዎች ቀስ ብለው ሌሊቱን እንዲነዱ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ የእናንተው እንደዚያ መሆኑን የሚነግራችሁ መመሪያው ነው እንጂ ልማዳችን አይደለም። መመሪያው ጠፍቶባችሁ ከሆነ ምድጃው ላይ የተለጠፈውን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ፈልጉት፤ ብዙው ኢንተርኔት ላይ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የእንጨት ምድጃ ጭስን መቆጣጠር የጀመረው በ1988 ነው፤ በ2020 ደግሞ በጣም አጥብቆታል። ምድጃችሁ ላይ የኤጀንሲው ምልክት ከሌለ በጣም ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያውን ስትጠሩ ይሄንንም ጠይቁት።

የበሩን ማሸጊያ ገመድም እዩት። የአንድ ዶላር ኖት በሩ ላይ አጣብቃችሁ ዝጉና ሳቡ። ኖቱ ያለ ትግል ከወጣ ገመዱ አርጅቷል፣ አየር ያስገባል፣ እሳቱን መቆጣጠር አትችሉም። ገመዱ ርካሽ ነው፣ በራሳችሁም ትቀይሩታላችሁ። መስታወቱን ለማጽዳት ኬሚካል አያስፈልግም፤ ምድጃው ሲቀዘቅዝ እርጥብ ወረቀት የላመ አመድ አስነክታችሁ እሹት። ይህቺንማ እናቶቻችን ድስት ያጠቡባታል።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጥ ሠሪዎች። ቁሌት ስታቁላሉ ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር መምጠጫ በኃይል ትከፍቱታላችሁ አይደል? አዳዲስና በደንብ የታሸጉ ቤቶች ውስጥ ያ ማሽን የሚመጥጠው አየር ከየት ይምጣ? በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ታች ይመጣል፣ ጭሱንም ይዞት። እንጨት ምድጃው እየነደደ ከሆነ ወጥ ቤት አካባቢ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጉ።

አመዱን በተመለከተ፦ ፍም አመድ ውስጥ ተሸሽጎ ቀናት ሊቆይ ይችላል። የማዳፈን ጥበብ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ስለሆነ ይሄንን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ግን አመዱን በወረቀት ከረጢት ወይም በፕላስቲክ ባልዲ አድርጎ የእንጨት በረንዳ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። በብረት ባልዲ፣ ጥብቅ ባለ የብረት ክዳን፣ ከቤቱ ቢያንስ 10 ጫማ ወይም 3 ሜትር አርቃችሁ መሬት ላይ።

የማይሸተው

ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ያመጣል፤ ጉንፋን ነው ትላላችሁ። መለያው፦ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ ያመዋል፣ ውጭ ሲወጣ ይሻለዋል።

ለምን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ? ነበልባሉ ሲጠፋ ጭስ ማውጫው ይቀዘቅዛል፣ መሳቡ ይደክማል። ፍሙ ግን ጋዙን ማምረቱን አያቆምም፤ እንዲያውም ጭስ የሌለው ፍም ዋነኛ የዚህ ጋዝ ምንጭ ነው። የጭስ ማውጫውን መዝጊያም ፍም እያለ የሚዘጉ አሉ፣ ሙቀት እንዳይወጣ ብለው። አመዱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይዘጋም።

ማንቂያው በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎች ውጭ ይሰቀል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ አራት ጊዜ ጮሆ ካረፈና ይህንኑ ከደጋገመ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጮሆ የሚያርፈው ጭስ ወይም እሳት ነው። ባትሪ ሲያልቅ በየደቂቃው ገደማ አንዴ ጭር ይላል። እህታችን ያኔ ይሄን አታውቅም ነበር። ማንቂያው ራሱም ዕድሜ አለው፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ።

እና ከሰል። ይሄን ስንጽፍ የሚቆጣን ሰው እንዳለ እናውቃለን። የበዓል ቀን ሳሎን ውስጥ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ ለብዙዎቻችን ቤት ማለት ነው። ግን በየክፍተቱ አየር የሚገባበት የአገር ቤት ሳሎንና በድርብ መስታወት የታሸገ የሜሪላንድ ሳሎን አንድ አይደሉም። እዚህ አዲስ አበባም ቢሆን ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት ስንቱን እንደወሰደ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የከሰል ከረጢት ላይ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ የሚል ማስጠንቀቂያ በሕግ የግድ ነው። "ኢንሰርቱ ውስጥ ባደርገውስ?" ብላ የጠየቀችን አለች። አይሆንም፤ የእንጨት ምድጃ ለከሰል አልተሠራም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሰሉን ደጅ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ ላይ መብራት ጠፍቶ ብርዱ ሲበረታ ሙቀት ፍለጋ መኪና ጋራዥ ውስጥ ያስነሱ፣ ከሰል ቤት ያስገቡ፣ ጄኔሬተር በር ላይ ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ከአሥር በላይ ሰው ሞተ። ከነሱ መካከል የእኛም ወገኖች ነበሩበት።

የእህታችን ቤት አሁን ላይነር ገብቶለታል፣ ኮሪደሩም ሳሎኑም ማንቂያ አለው። እናቷ መጀመሪያ ላይ "ምድጃውን አልነካም" ብለው ነበር። በኋላ ባለሙያው እርጥበት መለኪያውን ሲያሳያቸው ሳቁና ሁለት ፍልጥ አንስተው እርስ በርስ አጋጩ። ደረቁ ይጮሃል፣ እርጥቡ ድፍን ድምፅ ነው ያለው። መለኪያውም ያንኑ አለ። ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሳቸው በፊት መጋቢት ላይ አዲስ ኦክ አስመጥተው፣ በቀጭኑ አስፈልጠው፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስደርድረው፣ ላዩን ብቻ በሸራ ሸፍነው ጎኑን ለነፋስ ክፍት አድርገውታል። ልጃቸውንም አስጠንቅቀዋታል፤ ይሄ የከርሞ ነው፣ ዘንድሮ እንዳትነኪው።